አሜሪካ ጥዬው የመጣሁት ዕዳ አዲስ አበባ ድረስ ይከተለኛል?

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጓዜን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እናቴ ስለታመመች ነው ሁሉን ጥዬ የመጣሁት። ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው። ስወጣ ዕዳ ነበረብኝ። በሁለት ክሬዲት ካርድ 11,400 ዶላር (በአንዱ 7,200፣ በሌላው 4,200)፣ ለሆስፒታል ደግሞ 2,900። ኡበር የምሠራበትን መኪና ለአበዳሪው መልሻለሁ፤ ሸጠውት አሁንም 6,300 ይቀርሃል ይሉኛል። ለመኪናው የፈረመልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እቁብም አለብኝ። 20 ሰው ነበርን፣ በወር 500 ዶላር። ስድስተኛው ዕጣ ወጥቶልኝ ገንዘቡን ወስጃለሁ፤ 11 ዙር ከፍዬ ነው የመጣሁት። አሁን ድሮ አብሬያት እኖር የነበርኩት እህቴ በር ላይ ተለጥፎ ያገኘችውን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ዋራንት» ይላል። ብመለስ ኤርፖርት ላይ ይይዙኛል? የእናቴን ቤት መንካት ይችላሉ? አሜሪካ ባንክ ውስጥ ከእህቴ ጋር በጋራ ስም 6,000 ዶላር አለኝ። እዚህ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ድርሻ አለኝ፤ ገቢዬ በብር ነው። ከየቱ ልጀምር?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ከየቱ ልጀምር ላልከው፣ ከወረቀቱ ጀምር። ሌላው ሁሉ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል። ወረቀቱ ግን የተቆረጠ ቀን አለው።

በር ላይ የተለጠፈው «ዋራንት ኢን ዴት» የሚባል ቅጽ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የዕዳ ክስ በአብዛኛው የሚጀመረው በእሱ ነው። የፍትሐ ብሔር መጥሪያ እንጂ የእስር ትእዛዝ አይደለም። ፖሊስ የሚፈልግህ የለም። ስሙ ግን ስንቱን ሰው እንቅልፍ እንደነሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ፎቶውን አስፍተህ በደንብ አንብበው። የፍርድ ቤቱን ስም፣ ቀጠሮው በስንት ቀንና በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከሳሹ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደተጠየቅክና የመዝገቡን ቁጥር ታገኛለህ። ከሳሹ ሰምተኸው የማታውቅ ኩባንያ ቢሆን አትደንግጥ። መክፈል ካቆምክ 180 ቀን ሲሞላ ባንኩ የካርድ ዕዳህን ኪሳራ ብሎ ከመዝገቡ ያወጣዋል። ማረህ ማለት ግን አይደለም። ብዙ ጊዜ ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ለዕዳ ገዢ ኩባንያ ይሸጠዋል። የከሰሰህ ያ ገዢ ሊሆን ይችላል።

«ዝም አይነቅዝም» የሚባለው ለፍርድ ቤት አይሠራም። በቀጠሮው ቀን አንተም ጠበቃህም ካልቀረባችሁ፣ ከሳሹ ማስረጃውን አቅርቦ በሌለህበት ያስፈርድብሃል። እንዲህ ዓይነቱ የጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ፍርድ 10 ዓመት ይቆያል። ውሉ ሌላ ካላለ በዓመት 6 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ፍርዱን የያዘ ኩባንያ የባንክ ሂሳብህን ማሳገድ ይችላል። ተመልሰህ ተቀጥረህ ብትሠራም ደሞዝህ ላይ ይመጣል። በፌዴራል ሕግ ጣሪያው ከተጣራ ደሞዝህ 25 በመቶ ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው ደሞዝተኛ ስላልሆነ ይህ ጥበቃ በቀጥታ አይደርሰውም። ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ይጠብቁታል።

ሁለት ዓመት በማትኖርበት ቤት በር ላይ የተለጠፈ መጥሪያ በሕግ ፊት ደካማ ነው። ሕጉ የሚለው አሁን የምትኖርበት ቤት ላይ ነው። ስለዚህ «መጥሪያው አልደረሰኝም» ብለህ መከራከር ትችላለህ። ፍርድ ተሰጥቶ ቢሆን እንኳ ይነሳልኝ ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ እኔ ብቻውን አልደገፍበትም። ብታሸንፍ የምታተርፈው ጊዜ ነው፤ ዕዳው እዚያው ነው። ቀኑ ካላለፈ ተገኝቶ መከራከሩ ይሻላል።

መጀመሪያ ለፍርድ ቤቱ ክለርክ (የመዝገብ ጸሐፊ) ደውል። አሌክሳንድሪያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በእነሱ በጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 11። የመዝገብ ቁጥሩን ንገራቸውና በቪዲዮ ወይም በስልክ መቅረብ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። የሚፈቅድ ዳኛ አለ፣ የማይፈቅድም አለ። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን ኦንላይን በነጻ ያሳያሉ። ከተማውን መርጠህ ስምህን ስታስገባ የተከሰስክበት ሁሉ ይወጣል። ፌርፋክስንም አርሊንግተንንም እግረ መንገድህን ፈልግ፤ ሌላ ክስ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ስምህን በሁለት ዓይነት ፊደል ሞክር። የኛ ስም እንግሊዝኛ ላይ እንደጸሐፊው ነው።

እህትህ ሄዳ ስላንተ ልትናገር አትችልም። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ሌላውን ወክሎ አይከራከርም። ጠበቃ መያዝ ካቃተህ የአካባቢውን የነጻ የሕግ እርዳታ ድርጅት ጠይቅ። የቀረበው ሰው በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚያደርገው ቀላል ነው። ዕዳውን አላምንም ብሎ ክርክሩ እንዲቀጠር ይጠይቃል። ከዚያ ከሳሹ ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ዳኛው እንዲያዙለት ይለምናል። ዕዳው ከማን ተገዛ፣ ውሉ የታለ፣ 7,200 ነው ካሉ ስንቱ ዋና ገንዘብ ስንቱ ወለድ ነው? ዕዳ በጅምላ የገዛ ኩባንያ አንዳንዴ ይህን ሰነድ አሟልቶ አያመጣም። ያኔ ክሱን ያነሳል፣ ወይም ለድርድር ይለሳለሳል።

የይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ የማለፍ ነገርስ? ብዙ ሰው ይህንን ነው የሚጠብቀው። በቨርጂኒያ ሕግ የጽሑፍ ውል ይርጋ 5 ዓመት ነው፣ የቃል ውል 3። ክሬዲት ካርዱ የትኛው ውስጥ ይገባል የሚለው ራሱ ያከራክራል። በዚያ ላይ የካርድ ውሎች ብዙ ጊዜ የሌላ ስቴት ሕግ ይመርጣሉ። ዴላዌር ከሆነ 3፣ ሳውዝ ዳኮታ ከሆነ 6 ዓመት ነው። አንተ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነህ ዛሬ በይርጋ አትድንም። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ስቴቶች ደግሞ ባለዕዳው ከስቴቱ ውጭ የቆየበትን ጊዜ ላይቆጥሩለት ይችላሉ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ቀን መቁጠር ሁልጊዜ አያዋጣም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኤርፖርቱ። ክሬዲት ካርድ፣ የሆስፒታል ቢል፣ የመኪና ቀሪ ዕዳ ስላለብህ ደለስ ኤርፖርት ላይ የሚይዝህ የለም። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የካርድ ዕዳህን አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ ሰው ለግል ዕዳ አይታሰርም። ማሰሪያ ሊወጣ የሚችልበት አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ከሳሹ «ንብረቱን ይንገረን» ብሎ በፍርድ ቤት ሊያስጠራህ ይችላል። መጥሪያው በአግባቡ ደርሶህ ከቀረህ ዳኛው ተይዞ ይምጣ ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ጥፋቱ የፍርድ ቤት ጥሪ መናቅ እንጂ ዕዳው አይደለም። መዝገብህን በየጊዜው ኦንላይን እየው የምልህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፓስፖርትም በግል ዕዳ አይከለከልም። የሚከለከለው ወይም የሚሰረዘው በሌላ ነው። ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ከፍተኛ ውዝፍ ግብር ካለብህ፣ ወይም ከ2,500 ዶላር በላይ የልጅ ማሳደጊያ ካልከፈልክ። አንተ ሁለቱንም አላነሳህም።

የኤርፖርቱ ወሬ ከየት እንደመጣ ግን እገምታለሁ። ዱባይ ወይም አቡዳቢ የሠራ ጓደኛ ሳይኖርህ አይቀርም። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ዕዳው 10,000 ድርሃም ከደረሰ አበዳሪው ፍርድ ቤት ጠይቆ የጉዞ እገዳ ሊያስወጣ ይችላል። ሰው ሻንጣውን ይዞ ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ ነው አንዳንዴ የሚያውቀው። ከባህረ ሰላጤው አገር ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ የምጽፈውን ወደ እናንተ አትውሰዱት። በአሜሪካ ሕግ የተጻፈ መልስ ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ የወጣችሁም እንዲሁ፤ ያለ ሪኢንትሪ ፐርሚት (የመመለሻ ፈቃድ) ከዓመት በላይ መቆየት ከማንኛውም ዕዳ የባሰ ራስ ምታት ነው።

የእናትህ ቤት የእናትህ ነው። የልጅ ዕዳ ወላጅን አይይዝም። የቨርጂኒያ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ በራሱ አይፈጸምም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ድረስ መስፈርቱን ያስቀምጣል። ባለመብቱ እዚህ ፍርድ ቤት አመልክቶ ማስፈቀድ አለበት። ፍርድ የሰጠው አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ የሚቀበል መሆኑ ይታያል። ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ እንደነበር ይጠየቃል። በሌለህበት የተሰጠ ፍርድ እዚህ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። በሁለቱ አገሮች መካከል ፍርድ ለማስፈጸም የተፈረመ ስምምነት የለም። ለ7,000 ዶላር ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ጠበቃ የሚያቆም ዕዳ ገዢ እኔ አልገጠመኝም። ስለዚህ ሱቅህም ሆነ የእናትህ ቤት ስጋት ላይ አይደሉም። አሜሪካ ያለው 6,000 ግን ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ ስትሰማ «እንግዲያው ካርዱን ጆሮ ዳባ ልበስ ልበል» ማለትህ አይቀርም። የካርዱ እንኳ ዕዳው ገብስ ነው። ባንኩ አስቦበት ያበደረው፣ ኪሳራውንም ሒሳብ ውስጥ ያስገባው ነው። እኔን ያሳሰበኝ በደብዳቤህ ውስጥ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍካቸው ሁለቱ ናቸው። የአክስትህ ልጅና እቁቡ። እዚያ ጋ ባዶ የሚቀረው የሰው ኪስ ነው።

ከአክስትህ ልጅ ልነሳ። ኮሳይነር (አብሮ የሚፈርም ዋስ) ሲባል ብዙዎቻችን «ስሜን ነው የሰጠሁት» ብለን ነው የምንፈርመው። አበዳሪው ሲያስፈርም የሚሰጠው ማስታወቂያ ግን ግልጽ ነው። ዋናውን ተበዳሪ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መጠየቅ እንደሚችል ይነግረዋል። አንተ አዲስ አበባ ነህ። እሱ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚታወቅ አድራሻ፣ ሥራና ደሞዝ አለው። ማንን የሚከሱ ይመስልሃል? የክሬዲት ታሪኩ ላይ ደግሞ ይህ እስከ 7 ዓመት ይቆይበታል። ቤት ለመግዛት ሲያስብ፣ አፓርታማ ሲከራይ ይወጣበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ምናልባት እስካሁን ደውሎልህ አያውቅም። አበሻ አይደለም? አክስትህ እንዳትሰማ ብሎ ዋጥ አድርጎት ይሆናል።

አስቀድመህ 6,300 የሚለውን ቁጥር መርምር። አበዳሪው መኪናውን ከመሸጡ በፊት ለአንተም ለዋሱም ማስታወቂያ መላክ ነበረበት። ሽያጩም በንግድ ልማድ ተገቢ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት። ማስታወቂያው ያልተላከ ከሆነ ወይም መኪናው በውርደት ዋጋ ከተሸጠ ቀሪ ዕዳው ሊቀነስ ይችላል። የሽያጩን ዋጋ፣ የጨረታውን ወጪና የቀሪውን ስሌት በጽሑፍ ጠይቅ። የአክስትህን ልጅም ወረቀት ደርሶት እንደነበር ጠይቀው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ክፍያ ተደራደር። እኔ ብሆን ከ2,500 ዶላር እጀምር ነበር። ሊቀበሉም ላይቀበሉም ይችላሉ። ከተቀበሉ ግን አንድ ሳንቲም ሳትልክ በፊት ደብዳቤ አስወጣ። ደብዳቤው ክፍያው የሁለታችሁንም ግዴታ እንደሚዘጋ በስም ጠቅሶ መጻፍ አለበት። የአንተን ብቻ ዘግተው ቀሪውን ከእሱ እንዳይጠይቁ።

እቁቡ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 9 ዙር በ500፣ 4,500 ዶላር። ማን እየከፈለው እንደሆነ ግን አስበሃል? አንተ ከወጣህ በኋላ ተራቸው የደረሰ ሰዎች አሉ። 10,000 ጠብቀው 9,500 ሊያገኙ ነው። ስለዚህ የእቁቡ ዳኛ ከኪሱ ሞልቷል፣ ወይም ስትወስድ ዋስ የሆነልህ ሰው ተጠይቋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለው እቁብ ብዙው በመተማመን ነው የሚሄደው። አንድ ደብተር፣ አንድ የዋትሳፕ ግሩፕ፣ በወር አንዴ ምግብ ቤት ውስጥ መገናኘት። በዚያ ገንዘብ ነው ሰው የታክሲ መኪና የሚገዛው፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚያሟላው፣ ወንድም የሚያስመጣው። የክሬዲት ስኮርህን የሚጠይቅህ የለም። የሚጠይቁት ስለ ሰውነትህ ነው፤ መልሱን ደግሞ ግማሽ ከተማው ያውቀዋል።

በሕግም ቢሆን እቁብ ውል ነው። የእቁቡ ዳኛ ቢፈልግ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር የሚታይበት የትናንሽ ክሶች ችሎት ሊወስድህ ይችላል፤ የአንተ 4,500 ልክ እዚያ ይገባል። ግን ዳኛውን ራስህ ቀድመህ ደውልለት። መልእክት አትላክ፣ ደውል። እናትህ እንደታመሙ ያውቅ ይሆናል፤ ባያውቅ ንገረው፣ ግን ሰበብ አታድርገው። «ስንት ጎደለ፣ ማንስ ሸፈነው?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ቁጥርና ቀን ያለው ነገር ተናገር። 2,000 አሁን፣ ቀሪው 2,500 በወር 500 በአምስት ወር። ገንዘቡ የሚሄደው ጉድለቱን ለሸፈነው ሰው ነው። ተቆጥቶ ስልኩን ከዘጋብህ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሽማግሌ ላክ። የቤተ ክርስቲያን አባት ይሁን ወይም ከእቁቡ አንድ አንጋፋ። ሽማግሌ የገባበት የእቁብ ጉዳይ ችሎት ሲደርስ አላየሁም። የከፈልከውን ሁሉ በባንክ ወይም በዜል ላክ፣ ደረሰኙን አስቀምጥ። ደብተሩ ላይም ይጻፍልህ።

ከ6,000 ውስጥ 2,500 ለመኪናው፣ 2,000 ለእቁቡ ሆነ። ቀሪው 1,500 ለጠበቃና ለካርዱ ድርድር ይቀመጥ። ለአንዱ አበዳሪ ከሌላው አስቀድሞ መክፈል ክልክል አይደለም። ልዩነት የሚመጣው ኪሳራ ለማወጅ ካሰብክ ነው። ቻፕተር 7 የሚባለውን የኪሳራ ማመልከቻ ብታስገባ ንብረት አጣሪው ወደኋላ ሄዶ ያያል። ለቅርብ ዘመድ የተከፈለውን እስከ 1 ዓመት፣ ለሌላው እስከ 90 ቀን ድረስ ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄድ ከሆነ ማንንም ሳትከፍል በፊት የኪሳራ ጠበቃ አነጋግር። ኪሳራ ከውጭ አገርም ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ ንብረት፣ ለምሳሌ የባንክ ሂሳብ፣ ካለህ በር ይከፍትልሃል። ክሬዲትህ ላይ 10 ዓመት ይቆያል። አንተን ከመኪናው ዕዳ ነጻ ሲያወጣ የአክስትህን ልጅ ግን እዚያው ይተወዋል። ለዚህ መጠን ዕዳ እኔ አልመክረውም።

የጋራ ሂሳቡ ላይ ዛሬውኑ ከእህትህ ጋር ተነጋገሩ። ፍርድ ቢሰጥ ሂሳቡ በሙሉ ሊታገድ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ የጋራ ሂሳብ ያስገባው ሰው ድርሻ ነው፤ የእሷን ለይታ ካስረዳች ይመለስላታል። ግን እስክታስረዳ የቤት ኪራይዋ ቀን ይደርሳል። ደሞዟ እዚያ የሚገባ ከሆነ በራሷ ስም ብቻ ወዳለ ሂሳብ ታዙረው። የራሷን ገንዘብ ነው የምታንቀሳቅሰው፣ ችግር የለውም። ያንተን 6,000 ግን ወደ እሷ ሂሳብ ገልብጠህ አትደብቅ። ከአበዳሪ ለማሸሽ የተደረገ ዝውውር በፍርድ ቤት ይፈርሳል፤ እሷንም ጉዳዩ ውስጥ ይከታታል።

ቀሪውን ከብር ገቢ መክፈል ከባድ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 በላይ ዘለለ፣ ከዚያም አልተመለሰም። የእቁቡ 500 ዶላር በብር ስታስበው ድሮ ከ30,000 በታች ነበር፤ አሁን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ለግል ዕዳ ብለህ ከባንክ ዶላር ገዝተህ መላክ ቀላል አይደለም። ሰው የሚያደርገው ሌላ ነው። አሜሪካ ያለው ዘመድ ዕዳህን ይከፍላል፤ አንተ እዚህ ለእናቱ በብር ትሰጣለህ። የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከባንክ መስመር ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ነው፤ ችግር ቢመጣ ሁለታችሁም ማስረዳት አትችሉም። ከላይ ያልኩህ በወር 500 ከከበደህ በየወሩ የምትገባውን ቃል ትንሽ አድርጋት። የተጠበቀች 200 ዶላር ከፈረሰች 500 ትበልጣለች፤ በድርድር ላይ አንድ ወር መዝለል ስምምነቱን በሙሉ ሊያፈርሰው ይችላል።

ሁለተኛው ካርድ፣ 4,200ው፣ ገና ካልከሰሱ ይቆይ። ፈልገው ሲያገኙህ ያለህን ታያለህ። ድርድር ከጀመርክ በቅድሚያ በጽሑፍ፣ ከዚያ ክፍያ። «ለቅን ልቦና 50 ዶላር ላክ» ካሉህ አትላክ። በብዙ ስቴት ትንሽ ክፍያ ወይም በጽሑፍ ዕዳውን ማመን የይርጋውን ሰዓት እንደገና ያስጀምረዋል።

ለሆስፒታሉ ደውል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነ የገንዘብ ድጋፍ ፖሊሲ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ማመልከቻው ከመጀመሪያው ቢል 240 ቀን ድረስ ይቀበላል። ያንተ አልፏል። ቢሆንም ጠይቅ፤ በራሳቸው ፈቃድ የሚቀንሱ አሉ። ገቢህን በብር የሚያሳይ ደብዳቤ ከሱቅህ አጽፈህ አስተርጉም። 2,900ን ወደ ዜሮ ወይም ወደ ጥቂት መቶ ሊያወርዱት ይችላሉ።

ኮሌክሽን የገባ፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተሰጠ ዕዳ ካለ ለእህትህ መደወላቸው አይቀርም። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ አድራሻህን ለመጠየቅ ብቻ እንዲደውሉላት ይፈቅዳል፤ ባጠቃላይ አንዴ። ዕዳ እንዳለብህ ለእሷ መንገር አይችሉም። ከነገሯት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ስምና ስልክ ትጻፍ። በ1 ዓመት ውስጥ መክሰስ ይቻላል፤ ጉዳት ባታሳይ እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ሊወሰንልህ ይችላል። ለአንተም በአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወል ይከለክላቸዋል፤ ይህ ከኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ደንብ ነው። ይህ ሕግ የሚይዘው ሰብሳቢዎቹን እንጂ ራሱን ባንኩን አይደለም። የማታውቀው ሰብሳቢ ከደወለልህ ስለ ዕዳው ማረጋገጫ በኢሜይል ላክልኝ በል። ማስታወቂያው በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምክ እስኪያረጋግጡ መሰብሰብ ያቆማሉ። በቴሌግራም ደውሎ «ፖሊስ እየመጣ ነው፣ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚልህ ሌባ ነው። ዝጋበት።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንዳያመልጥህ። አሜሪካዊ እንደመሆንህ አዲስ አበባ ብትኖርም ለአይአርኤስ ታሳውቃለህ። የመኪናው አበዳሪ 6,300ውን በ2,500 ቢዘጋልህ የተማርከው 3,800 እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። ከ600 ዶላር ጀምሮ 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ይልካሉ፤ ወደ ድሮው አድራሻህ ነው የሚሄደው፣ እህትህ ትጠብቀው። ምሕረቱ በተደረገበት ጊዜ ዕዳህ ከንብረትህ የሚበልጥ ከነበረ ግን በቅጽ 982 እስከዚያ ልዩነት ድረስ ግብሩ ይቀርልሃል። ንብረት ሲባል የሱቁ ድርሻህም ይቆጠራል። የዚያን ቀን ያለህንና ያለብህን በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ፤ በኋላ ማስታወስ ይከብዳል።

ከክለርኩ ጋር እንደተነጋገርክ የቀጠሮውን ቀንና ከሳሹ ባንክ ይሁን ዕዳ ገዢ ጻፍልኝ፤ ከዚያ የምትሰጠው መልስ ላይ እንነጋገራለን። የወረቀቱን ፎቶ ከላክህ ስምህን፣ አድራሻውንና የመዝገብ ቁጥሩን ሸፍንበት።